ሃርድ ዲስኬ ሞተ፤ ፋይሌስ? ጥያቄና መልስ

ኮምፒውተር ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። ፋይል የጠፋባችሁ ጠይቁኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ የመመረቂያ ጽሑፌ ያለበት ላፕቶፕ ከትናንት ጀምሮ አልከፈት አለኝ። ከውስጡ «ቀጭ፣ ቀጭ» ይላል። እያጠፋሁ እያበራሁ እየሞከርኩ ነው።

መልስ፦ እህቴ፣ አሁኑኑ አጥፊው! ደግመሽ አትሞክሪ። ያ ድምፅ የማንበቢያው ራስ ቦታውን አጥቶ ሲመላለስ የሚሰማ ነው። ጤነኛ ሲሆን ፋይሉ የተጻፈበትን ክብ ሳህን ሳይነካ፣ ከፀጉር እጅግ በቀጠነ ክፍተት ላይ ይንሳፈፋል። የላፕቶፕ ሳህን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ 5400 ጊዜ ይሽከረከራል። የማንበቢያው ራስ ከተጎዳ ሳህኑን ይፍቀዋል፤ የተፋቀውን ማንም አይመልሰውም። እዚህ ላይ ሶፍትዌር አይረዳም። አቧራ በሌለበት ክፍል ከፍቶ የማንበቢያውን ራስ የሚቀይር ባለሙያ ነው የሚያስፈልግሽ፤ ዋጋው ኪስ ይጎዳል። እስከዚያው ለአማካሪሽ በኢሜይል የላክሽውን ፈልጊ።

ጥያቄ፦ የሞተውን ዲስክ ፍሪዘር ውስጥ አሳድረው ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ተው! ሲወጣ ጤዛ ይይዛል። በሳህን ላይ ውሃ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ የልጄ ሠርግ ፎቶ ያለበትን ዲስክ ስሰካ «ፎርማት ይደረግ?» ይለኛል። እሺ ልበል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በፍጹም እሺ እንዳይሉ! መጀመሪያ ኬብሉን ይቀይሩ። አንድ ደንበኛ ሲያለቅስ መጥቶ ጥፋቱ የኬብሉ ሆኖ አግኝቻለሁ። ካልሆነ፣ ብዙ ጊዜ የተበላሸው ፋይሉ የት እንዳለ የሚመዘግበው ማውጫ ብቻ ነው፤ ፎቶው እዚያው ተቀምጧል። እኔ ዲስኩን እንዳለ ዲዲሬስኪው በሚባል የመገልበጫ ፕሮግራም ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ እገለብጣለሁ። ከዚያ በግልባጩ ላይ ፎቶሬክ የሚባለውን የጠፋ ፋይል ፈላጊ ፕሮግራም አስኬዳለሁ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ፎቶሬክ አብዛኛውን ጊዜ የፋይሉን ስም አይመልስም። «ኤፍ» የምትል ፊደልና የቁጥር መዓት ይሰጥዎታል፤ ሙሽሪትን ከሺህ ፎቶ መሃል መልቀም የእርስዎ ሥራ ነው። ቼክዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ ዲስክ መጠገኛ አያስነኩት፤ ሊያስተካክል ገብቶ ብዙ ነገር ሲያጠፋ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ የዲስኩ ቦርድ ተቃጠለ። ከተመሳሳይ ሞዴል ቦርድ ነቅዬ ብገጥምለትስ?

መልስ፦ በድሮዎቹ ይሠራ ነበር። በአሁኖቹ ቦርዱ ላይ ያለች ትንሽ ቺፕ የዚያን ዲስክ ብቻ ልክ ይዛለች። እሷም ተነቅላ አዲሱ ቦርድ ላይ ካልተበየደች ዲስኩ አይነሳም።

ጥያቄ፦ ከኤስኤስዲ (ሳህን ከሌለው፣ በቺፕ ከሚሠራው ዲስክ) ላይ ከሁለት ሳምንት በፊት ያጠፋሁት ፋይልስ?

መልስ፦ አይዞህ ማለት ይከብደኛል። ትሪም የሚባለው አሠራር የጠፋውን ፋይል ቦታ ለኤስኤስዲው ያሳውቀዋል፤ እሱም ከጀርባ ያጸዳዋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ጠፍቶ ያልቃል።

ጥያቄ፦ የመመረቂያዋ እኔ ነኝ። ከኢሜይሌ ሦስት ምዕራፍ ተገኘ! አሁን ላፕቶፑን አንዴ ላብራው?

መልስ፦ እሰይ! አታብሪው።