ባንኮክ ለምትሄዱ፦ መኪናውን ተዉት፣ ጀልባ ያዙ

ባንኮክ መጀመሪያ የሄድኩት እናቴን ለማሳከም ነበር። ከዚያ ወዲህ ብዙ ጊዜ ተመላልሻለሁ። ከዲሲም ከዱባይም የሚደውሉልኝ ወዳጆች ጥያቄያቸው ያው ነው፤ «ሦስት ቀን አለኝ፣ ምን ልይ?» እኔ ደግሞ ከምን ልይ በፊት በምን ልሂድ የሚለውን ነው የምነግራቸው። የባንኮክ መንገድ ሲዘጋጋ የቦሌን መንገድ ያስመሰግናል።

ከመነሳታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። አዲስ አበባ ገብታችሁ፣ ዘመድ ጠይቃችሁ ወደዚያ የምትቀጥሉ ከሆነ የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁን ያዙ። ፓስፖርታችሁ የአሜሪካ ቢሆንም ከኢትዮጵያ እስከመጣችሁ ድረስ ትጠየቃላችሁ። ክትባቱ የሚሠራው ከተወጋችሁ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለዋዜማው አታቆዩት። ኤርፖርት ስትደርሱ ደግሞ ከኢሚግሬሽኑ ሰልፍ በፊት የጤና ቁጥጥር ዴስክ አለ። እኔ ይህን ሳላውቅ ረጅሙን ሰልፍ ጨርሼ መስኮቱ ላይ ስደርስ «ተመለስ» ተባልኩ። እናቴን በዊልቸር እየገፋሁ። ከ2025 ሜይ ጀምሮ የመግቢያ ቅጹም በኢንተርኔት ሆኗል፤ ከመድረሳችሁ በፊት ባሉት 3 ቀናት ውስጥ ይሞላል፣ ነፃ ነው። ገንዘብ የሚጠይቅ ገጽ ካጋጠማችሁ ዝጉት።

ከኤርፖርት ሻንጣ ካልበዛባችሁ ባቡር ያዙ። ፓያ ታይ የሚባለው መጨረሻ ጣቢያ ድረስ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፣ 45 ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው)። እዚያው ስካይትሬይኑን ታገኛላችሁ። ከአስፋልቱ በላይ ስለሚሄድ ከታች የቆመውን መኪና እያያችሁ ታልፋላችሁ። ከመሬት በታች የሚሄደው ሜትሮ ሌላ ድርጅት ነው፤ የአንዱ ትኬት በሌላው አይሠራም። በሁለቱም ውስጥ ግን ብርዱ አይጣል ነው። ውጭ ላብ ያጠምቃችኋል፣ ውስጥ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እናቴ ነጠላዋን ከቦርሳዋ አውጥታ አታውቅም ነበር፤ ባንኮክ ላይ ግን ከትከሻዋ አልወረደም።

አሁን ወደ ውኃው። ሳፓን ታክሲን የሚባለው የስካይትሬይን ጣቢያ ወርዳችሁ ወንዙ ዳር ስትደርሱ የቱሪስት ጀልባ ትኬት የሚሸጡት ይቀድሟችኋል። እሱም መጥፎ አይደለም፣ ዋጋው ግን ሌላ ነው። እናንተ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጠይቁ። 16 ባህት ነው፤ ተማሪው፣ መነኩሴው፣ ገበያተኛው የሚሳፈርበት። ታ ቻንግ ላይ ስትወርዱ በ1782 የተመሠረተው ታላቁ ቤተ መንግሥት አጠገባችሁ ነው። መግቢያው 500 ባህት ነው፤ እጅጌ ያለውና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ልበሱ።

እዚያ በር አካባቢ ነው እንግዲህ እኔ የተበላሁት። ሸሚዙን የተኮሰ፣ ጨዋ የሚመስል ሰውዬ መጣና «ዛሬ በበዓል ምክንያት ዝግ ነው» አለኝ። በርካሽ የሚያዞረኝ ቱክቱክ፣ ማለትም የእነሱን ባጃጅ፣ ጠራልኝ። አንድ ቤተ መቅደስ አየን፣ ከዚያ የጌጣጌጥ ሱቅ፣ ከዚያ የልብስ ስፌት፣ ከዚያ ሌላ ጌጣጌጥ ሱቅ። ቤተ መንግሥቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነበር። «ዝግ ነው» የሚል ሰው መንገድ ላይ ካገኛችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉ፤ በሩ ድረስ ሄዳችሁ በዓይናችሁ እዩ።

ከቤተ መንግሥቱ ዋት ፖ ወደሚባለው ቤተ መቅደስ በእግር ነው። የተጋደመው ቡድሃ 46 ሜትር ይረዝማል፤ ከአንድ ቦታ ቆማችሁ ሙሉውን አታዩትም። ከጀርባው በግድግዳው ጥግ 108 የነሐስ ሳህኖች ተደርድረዋል፣ ሰው በየሳህኑ ሳንቲም እየጣለ ያልፋል። ድምፁ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ። በሩ ላይ ጫማ ይወለቃል። አንድ ፈረንጅ ከዘበኛው ጋር ሲከራከር እናቴ ማንም ሳይነግራት ጫማዋን አውልቃ ቆማለች። «ቤተ ጸሎት አይደል እንዴ?» ብላ ታዝበዋለች።

ወንዙ ብቻ አይምሰላችሁ። ሳን ሳፕ በሚባለው ቦይ ላይም ጀልባ አለ፤ የከተማውን ሆድ ሰንጥቆ ይሄዳል። ገንዘብ ተቀባዩ ሄልሜት አድርጎ በጀልባው ጠርዝ ላይ ይራመዳል። ቆሻሻው ውኃ እንዳይረጫችሁ ጎን ላይ ያለውን ገመድ ሳቡ፣ የላስቲክ መጋረጃው ከፍ ይላል። ፕራቱናም ላይ ውረዱ። የልብስ ጅምላ ሰፈር ነው፤ ነጋዴዎቻችንም ሻንጣ የሚሞሉበት ስለሆነ አማርኛ ብትሰሙ አትደንግጡ።

የምትጾሙ ከሆነ፣ ቢጫ ላይ በቀይ የተጻፈ «ጄ» የሚል ምልክት ያለበት ምግብ ቤት ፈልጉ። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የዓሣ ሶስ የለበትም። ሌላ ቦታ አትክልት ብላችሁ ብታዙም የዓሣው ሶስ አይቀርላችሁም። እንጀራ ካማራችሁ የሱኩምቪት መንገድ ቅያስ 3 (ሶይ 3 ይሉታል)፣ ናና ጣቢያ አጠገብ፣ የዓረብ ሰፈሩ ውስጥ የእኛ ሰዎች አይጠፉም።

ስለ ንጉሡ ግን በቀልድም ክፉ አትናገሩ፤ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

አንድ ቀን የማረፊያችን ባለቤት እራት ስንት ሰዓት እንደሚደርስ ስንጠይቃት «ሶንግ ቱም» ብላ ሁለት ጣቷን አሳየችን። እኔ ሁለቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ወስጄ፣ ስምንት ሰዓት ቀን ነው ወይስ ሌሊት እያልኩ ስልኬ ላይ ስፈልግ እናቴ ሳቀች። «ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ነዋ! ምን ያስጨንቅሃል?» እውነቷን ነበር። የታይ ሰዎች ምሽቱን እንደኛው ነው የሚቆጥሩት።