ሆዴን ሲለኝ ጨጓራውን አከምኩ

ባለፈው እሁድ ከእህቴ ልጅ ጋር ቡና እየጠጣን ነበር። «ጋሼ፣ ወንድ ልጅ ጠዋት መነሳት ካቃተው ስንፍና ነው ወይስ በሽታ?» አለኝ። ስለ ጓደኛው የሚጠይቅ አስመስሎ ነው። የሠላሳ ዓመት ነገር ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

በ1987 ዓ.ም. ሰሜን ሸዋ ውስጥ የአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነበርኩ። ሾፌራችን ጨዋታ አዋቂ ነው። ላንድክሩዘሯን ሳያጥብ ቁርስ አይቀምስም። ለመጀመሪያ ልጄ ክርስትና ከሰላ ድንጋይ ሙክት ጭኖ የመጣውም እሱ ነው። ያን ቀን ሲጨፍር ያየ ሁሉ ዛሬም ያነሳዋል።

ከዚያ አንድ ክረምት መኪናዋ ጭቃ እንደጋገረች መዋል ጀመረች። ዘበኛውን በረባ ባልረባው ይሳደባል። ምሳ ከእኛ ጋር መብላት ተወ። ማታ ማታ ብቻውን አረቄ ቤት ጥግ ይይዛል። ጥጋብ ነው ተባለ። እኔም ብያለሁ።

ሦስት ጊዜ ወደ እኔ መጣ። መጀመሪያ «ሆዴን ያቃጥለኛል» አለ። የጨጓራ መድኃኒት ሰጠሁት። ቀጥሎ «ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት እባንናለሁ፣ ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ የለም» አለ። ቡና ቀንስ አልኩት። በሦስተኛው ካርዱን ይዞ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። ውጭ ወረፋ ነበር። «በርታ እንጂ፣ ወንድ አይደለህ?» ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግኩት። «ልክ ነህ» ብሎ ወጣ። አራተኛ ጊዜ አልመጣም።

በእኛ አገር ሆድ ማለት ጨጓራ ብቻ አይደለም። ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ የማይነገረውንም ሆድ ይፍጀው እንላለን። ነጭ ጋወን ስለብስ ይህን ረሳሁት።

ሥራውን ለቀቀ። ትዳሩም ፈረሰ። ከዓመታት በኋላ አማኑኤል ሆስፒታል ታክሞ እንደተሻለው ከእህቱ ሰማሁ። የሰጡት ኪኒን አሚትሪፕቲሊን የሚባል የድባቴ መድኃኒት ነበር። እኛም መደርደሪያ ላይ ነበረን።

እናንተ የዛሬ ልጆች ለሁሉም ነገር «ደበረኝ» ትላላችሁ። ኔትወርክ ሲቆራረጥም ደበረኝ ነው። ቃሉን አረከሳችሁት፤ እውነተኛው ድባቴ ሲመጣ በምን ይለያል? እያልኩ እቆጣለሁ። ደግሞ መለስ ብዬ ሳስበው፣ ያ ሾፌር ይህች ቃል እንኳ አፉ ላይ አልነበረችም። በሉት፣ ግድ የለም።

ሁለት ሳምንት ሙሉ የሚወደውን ነገር የተወ፣ እንቅልፉ የተዛባ ጓደኛ ካላችሁ ዝም አትበሉ። ወንድ ላይ ብዙ ጊዜ በለቅሶ ፈንታ ቁጣና መጠጥ ሆኖ ነው የሚወጣው። ስለ ሞት ያስብ እንደሆነ በግልጽ ጠይቁት። መጠየቃችሁ ሐሳቡን አያመጣበትም። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ኪኒን ከታዘዘለት ለውጡ እስኪታይ ሳምንታት ይወስዳል። ጸበል የሚሄድም ይሂድ፣ እኔም እሄዳለሁ፤ መድኃኒቱን ግን አያቋርጥ።

የእህቴን ልጅ «ጓደኛህ ሌሊት ስንት ሰዓት ይነቃል?» አልኩት። ስኒውን ሲያሽከረክር ቆየ።

«ዘጠኝ ሰዓት» አለኝ። «በየቀኑ እነቃለሁ።»

ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ አብረን እንሄዳለን። ቀድሜ ሄጄ ካርድ አወጣለታለሁ።