ላብ፣ ውኃና ጨው፦ የሐዋሳ ሯጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከሐይቁ ዳር ተነስቼ ታቦር ተራራን ወጥቼ እመለሳለሁ፤ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ስንት ሊትር ልጠጣ?

መልስ፦ ለሁሉም የሚሆን ልክ የለም፤ ላብህን መዝነው። ሽንት ቤት ገብተህ፣ በውስጥ ልብስ ብቻ ሚዛን ላይ ውጣ። ስትመለስ ላብህን በፎጣ አድርቀህ ድገመው። የቀነሰው 1 ኪሎ 1 ሊትር ላብ ነው፤ በመንገድ የጠጣኸውን ደምርበት። 68 ኪሎ ሆነህ ወጥተህ 67.2 ብትመለስ፣ ግማሽ ሊትርም ጠጥተህ ከሆነ፣ ያላብከው 1.3 ሊትር ነው። ጠዋት 12 ሰዓትና ከቀኑ 9 ሰዓት የሚያወጡት ቁጥር አንድ አይደለም፤ ሁለቱንም ለካ። የቀነስከው ከክብደትህ 2 በመቶ እስካላለፈ ሲጠማህ መጠጣት ይበቃል።

ጥያቄ፦ ረጅም ሮጬ ስመለስ ቲሸርቴ ላይ ነጭ ነገር ይደርቃል።

መልስ፦ ጨው ነው፤ አንዳንዱ ሰው ጨዋማ ላብ አለው። ከአንድ ሰዓት ለሚያልፍ ሩጫ ይህን በጥብጥ፦ 1 ሊትር ንጹሕ ውኃ፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 4 ያልተቆለለ የሾርባ ማንኪያ ስኳር፣ ለጣዕም ሎሚ። ስኳሩን አታብዛ፤ ጨጓራ ውስጥ ይቆይና ሆድ ይነፋል። የደም ግፊት ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳይጠይቅ ጨው አይጨምር።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ኳስ ይጫወታል። ከፋርማሲ ኦአርኤስ ልግዛለት?

መልስ፦ ለተቅማጥ የተሠራ ነው፤ ሶዲየሙ (ጨው ውስጥ ያለው ንጥረ ነገር) ከተለመደው የስፖርት መጠጥ ሦስት እጥፍ ይደርሳል። ለ90 ደቂቃ ጨዋታ ከላይ ያለውን ያዘጋጁለት። ከገዙም ለ1 ሊትር የተባለውን ከረጢት በግማሽ ሊትር አይበጥብጡት።

ጥያቄ፦ አምቦ ውኃስ?

መልስ፦ ከሩጫ በኋላ ይሁን። እየሮጡ ጋዝ መጠጣት ግሳትና የጎን ውጋት ነው።

ጥያቄ፦ ውኃ በዝቶ ሰው ይታመማል?

መልስ፦ ይሞታልም። በ2002 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ደማቸው ከተመረመረ 488 ሯጮች 13 በመቶው ሶዲየማቸው ከልክ በታች ወርዶ ነበር። በብዛት የሚጠቃው ፈጣኑ አይደለም፤ ከ4 ሰዓት በላይ ቀስ እያለ ውኃ በቀረበለት ቁጥር የሚጠጣው ነው። ደሙ ይቀጥናል፣ ውኃው ወደ አንጎል ሴሎች ገብቶ ያሳብጣቸዋል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ ግራ መጋባት ይከተላል። ሮጦ ክብደት የጨመረ ሰው ካያችሁ ጠርጥሩ። ግራ ለተጋባው ውኃ አትስጡት፤ ሐኪም ቤት አድርሱት።

ጥያቄ፦ እስከ 9 ሰዓት እጾማለሁ። መቼ ልሩጥ?

መልስ፦ 8 ሰዓት ገደማ፣ ጥላ ባለበት፣ ቀለል አድርገህ። ከዚያ ለጎደለው 1 ኪሎ 1.5 ሊትር፣ በሁለት ሰዓት ከፋፍለህ፣ ከምግብ ጋር። የሽሮው ጨው ውኃውን ያቆየዋል፤ ባዶ ውኃ ብቻ ብትጋት ብዙው በሽንት ይወጣል።