ዳገት ላይ ብቻ የሚግል ሞተር፦ ቴስታታውን ከማስከፈትዎ በፊት

ጤና ይስጥልኝ። መኪናዎ በፒያሳና በአራት ኪሎ አካባቢ በደህና እየሠራ፣ ሰው ጭኖ ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሽቅብ ሲወጣ ግን የሙቀት መለኪያው ወደ ቀዩ እንደሚጠጋ፣ ያሳዩበት ጋራዥም «የቴስታታ ጋስኬት ተቃጥሏል፣ መከፈት አለበት» እንዳለዎት ጽፈዋል (ቴስታታ የሞተሩ የላይኛው ክፍል፣ ጋስኬቱ ደግሞ በእሱና በሞተሩ አካል መካከል ያለው ማሸጊያ ነው)። እኔም ከአራት ዓመት በፊት በዚያው ዳገት ላይ ቆሜ ነበር። የእኔ ቴስታታ ተከፍቶ፣ ቶርኖ ቤት ደርሶ፣ አዲስ ጋስኬት ገብቶለት ከተመለሰ በሳምንቱ መኪናው እዚያው ቦታ ላይ ዳግመኛ ስለ ጋለ፣ ያንን ወጪ እርስዎ እንዳይደግሙት ከልብ እሻለሁ።

ቆሞ ወይም በመንገድ መጨናነቅ ሲንፏቀቅ የሚግል ሞተር በመጀመሪያ የሚያስጠረጥረው ፋኑን ነው። ሜዳ ላይ ደህና ሆኖ ዳገት ላይ የሚግል ከሆነ ግን፣ የማቀዝቀዣው ሥርዓት ለዘወትሩ ሥራ ቢበቃም ሞተሩ ሲጨነቅ የሚወጣውን ተጨማሪ ሙቀት ማውጣት አልቻለም ማለት ነው። በሁለተኛ ማርሽ በዝግታ ሲወጣ ከፊት የሚገባው ነፋስ ጥቂት ስለሆነ፣ ፋኑም በጊዜው መነሳቱን ማየት ይገባል።

እኔ ከሁሉ አስቀድሜ የማየው የራዲያተሩን ክዳን ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ንጹሕ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ወደ እንጦጦ ሲወጡ ደግሞ ከዚያም ዝቅ ይላል። በብዙ መኪኖች ላይ ያለው ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ መንገድ የሚከፍትለት በር) በ82 ዲግሪ መከፈት ጀምሮ ሙሉ በሙሉ የሚከፈተው በ95 አካባቢ ነው። ስለዚህ በእኛ ከተማ ውሃው ሳይፈላ የሚቆየው ክዳኑ ግፊቱን አምቆ ስለያዘለት ብቻ ነው፤ 1.1 የሚል ቁጥር የታተመበት ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ110 ዲግሪ በላይ ያደርሰዋል። ላስቲኩ የደረቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ግን ውሃውን ቴስታታው ውስጥ ያስፈላዋል፣ እንፋሎት ደግሞ እንደ ውሃ ሙቀትን አይሸከምም። የእኔን ክዳን ገልብጬ ሳየው ላስቲኩ እንደ ቆዳ ደርቆ፣ ዙሪያውን እንደ ፀጉር በቀጠነ መስመር ተሰንጥቆ ነበር፤ መኪናውን ካዩት ሁሉ አንድም ሰው አልተመለከተውም።

በዚሁ ምክንያት ቴርሞስታትን በብረት ድስት ቀቅሎ መሞከርም እዚህ ያሳስታል። ክፍት ድስት ውስጥ ያለ ውሃ 95 ዲግሪ ስለማይደርስ፣ ጤነኛው ቴርሞስታት ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ይታይና «ተበላሽቷል» ተብሎ ይጣላል። መከፈት መጀመሩን ካዩ ይብቃዎት። ቴርሞስታቱን ጨርሶ አውጥቶ መንዳትን ግን አልመክርም፤ በአንዳንድ ሞተሮች ላይ ውሃው ራዲያተሩን እየዘለለ እንዲዞር ስለሚያደርግ ሙቀቱን ያባብሰዋል።

ሁለተኛው ራዲያተሩ ነው። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ አጥፍተው፣ ፋኑ በራሱ ተነስቶ እጅዎን እንዳይመታ ሶኬቱን ነቅለው፣ የራዲያተሩን ፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፍዎ ይዳስሱ። ሙቀቱ ከውሃ መግቢያው ወደ መውጫው ቀስ እያለ መቀነስ አለበት፤ በመካከሉ ድንገት የሚቀዘቅዝ ቦታ ካገኙ ቱቦዎቹ እዚያ ተደፍነዋል። የእኔ ራዲያተር የታችኛው ሲሶው እንደ ድንጋይ ቀዝቅዞ ነበር፤ ለዓመታት የቧንቧ ውሃ ብቻ ስጨምርበት የተጠራቀመው ዝገትና ደለል ነው የደፈነው። የነሐስ ራዲያተር ተከፍቶ ይጠረጋል፤ ጎኑ ፕላስቲክ የሆነው የአልሙኒየም ግን ቢቀየር ይሻላል። ከውጭ በኩል ያለውን አቧራና ጭቃም ከሞተሩ ጎን ወደ ፊት በለዘበ ውሃ ማጠብ ያስፈልጋል።

ጋስኬቱን በእርግጥ ለመጠርጠር ማስረጃ ይፈልጉ። ጠዋት ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ ሳለ ክዳኑን ዘግተው ያስነሱና የላይኛውን የውሃ ቱቦ ይጨብጡ፤ ውሃው ገና ሳይሞቅ በደቂቃ ውስጥ ቱቦው ድንጋይ ከሆነ፣ የቃጠሎ ጋዝ ወደ ውሃው እየገባ ነው። ዘይቱ ቡና በወተት ከመሰለ፣ ወይም ውሃው የሚፈስበት ሳይታይ እየጎደለ ጭስ ማውጫው ያለማቋረጥ ነጭ ጭስ ካወጣ ጋራዡ ትክክል ሊሆን ይችላል። የላላ ቺንጋ፣ ያረጀ የውሃ ፓምፕ፣ ጎማውን ይዞ የማይለቅ ፍሬንም መታየት አለባቸው።

እስከዚያው ዳገት ላይ መለኪያው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፍተው የማሞቂያውን ሙቅ አየር እስከ መጨረሻው ይክፈቱና ዳር ይያዙ። ውሃ ካልፈሰሰ ሞተሩን ወዲያው አያጥፉት፣ ለጥቂት ደቂቃ ያለ ነዳጅ መርገጫ ይዙር፤ መለኪያው ካልወረደ ግን ያጥፉት። ክዳኑን የላይኛው ቱቦ በእጅ ሲጨበጥ እስኪለሰልስና እስኪቀዘቅዝ ድረስ በፍጹም አይንኩት፤ ፊት የሚያቃጥለው ያ የታመቀ ውሃ ነው። እኔ ክዳኑንና ራዲያተሩን ቀይሬ፣ ኩላንትና ውሃ ግማሽ በግማሽ ቀላቅዬ ከሞላሁ ወዲህ በዚያው ዳገት አምስት ሰው ጭኜ ስወጣ መለኪያው ከመካከል አልተነቃነቀም።