ዕቅዱን አይጣሉት፣ የሚቀየርበትን ቀን ይጻፉበት

ጠያቂዋ እህታችን ያነሱትን ጉዳይ በአጭሩ ላስታውስ። የሚሠሩበት አገር በቀል ድርጅት በሁለት ክልሎች የውኃና የኑሮ ማሻሻያ ፕሮጀክቶች አሉት። ባለፈው ዓመት የጸደቀው ዕቅድ ገና በሦስተኛው ወር ከጥቅም ውጭ ሆነ፤ መንገድ ተዘጋ፣ የቧንቧ ዋጋ ናረ፣ አንድ ለጋሽ ወጣ። ቦርዱ ደግሞ የሦስት ዓመት ስልታዊ ዕቅድ ይዘው እንዲቀርቡ አዟል። «ነገ ምን እንደሚሆን በማይታወቅበት ጊዜ የሦስት ዓመት ዕቅድ መጻፍ ራስን ማታለል አይደለም ወይ? ከሩብ ዓመት አልፈን ባናቅድስ? ቦርዱንስ እንዴት ላሳምን?» ነው ጥያቄያቸው።

በዕቅድና ክትትል ክፍል ብዙ ዓመት እንደሠራ ሰው መልሴ አጭር ነው፤ የሦስት ዓመቱን ዕቅድ ይጻፉት፣ ግን ስስ ይሁን። ለየትኞቹ ሰዎች እንደምትሠሩ፣ ምን ዓይነት ሥራ እንደምታውቁበትና ምን እንደማትነኩ ይናገር፤ ከዚያ በላይ አያስፈልገውም። የጉድጓድ ቁጥር፣ የቀበሌ ስም፣ የሥልጠና ቀን የሦስት ዓመት ሰነድ ውስጥ ምን ይሠራሉ? እነርሱ የዓመቱና የሩብ ዓመቱ ጉዳይ ናቸው። ሲፈርሱ ያየኋቸው ዕቅዶች አብዛኞቹ የፈረሱት ረጅም ስለሆኑ አይደለም፤ በሚለወጠው ነገር ላይ ዝርዝር አብዝተው፣ በማይለወጠው ላይ ዝም ስላሉ ነው።

ተለዋዋጭ ዕቅድ ማለት ሳይወስኑ መቆየት የሚመስላቸው አሉ። እንዲያውም አስቀድሞ ብዙ መወሰን የሚጠይቀው እርሱ ነው። በወሎ ቆላና ወይና ደጋ ያለውን ገበሬ እንመልከት። የበልጉ ዝናብ ከመጣ በሚያዝያ ለመድረስ ረጅም ጊዜ የሚፈልገውን ማሽላ ይዘራል፤ ምርቱ ብዙ፣ አገዳውም ለከብት ነው። ዝናቡ ከቀረ ወይም ቡቃያው ከደረቀ እስከ መስከረም ተቀምጦ አያለቅስም፤ ማሳውን ገልብጦ በሐምሌ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ወይም ጤፍ ይዘራል። እርሱም ካልሆነለት በክረምቱ መውጫ መሬቱ በያዘው እርጥበት ሽምብራ ወይም ጓያ ይጥላል። ገበሬው ዝናቡን መተንበይ አይችልም፤ ሆኖም ምን ምልክት ሲያይ፣ እስከ መቼ ጠብቆ፣ ወደ ምን እንደሚዞር ያውቃል። ከሁሉም በላይ የጤፉንና የሽምብራውን ዘር በጎተራው አስቀምጧል። ዘሩን ያላስቀመጠ ሰው አማራጭ አለኝ ቢል ወሬ ነው።

በየዓመቱ ቢሾፍቱ ወይም አዳማ ሆቴል ገብተን የምናዘጋጃቸው «መልካም፣ መካከለኛ፣ አስቸጋሪ» የሚሉ የሁኔታ ትንበያዎች የሚጎድላቸው ይኸው ነው። ሠንጠረዡ ያምራል፤ ሆኖም አስቸጋሪው ሁኔታ መድረሱን ማን ያውጃል? በምን ልኬት? ገንዘቡ ከየትኛው የበጀት መስመር ይወጣል? እነዚህ ካልተጻፉ ሰነዱ የሆቴሉን ወጪ ከማወራረድ የዘለለ ጥቅም የለውም።

ምልክቶቹ ጥቂት ይሁኑ፤ ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ለእናንተ ሥራ የምንዛሪ ተመን፣ የነዳጅ ዋጋ፣ የመንገድ ደኅንነትና የዝናብ ሁኔታ በቂ ይመስሉኛል። ለእያንዳንዱ ወለል ወይም ጣሪያ ያስቀምጡ፤ ከዚያ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፤ የሚወስነውንም ሰው በሥራ መደቡ ይጥቀሱ። «ወደ ወረዳው የሚወስደው መንገድ ለሦስት ሳምንት ከተዘጋ፣ የፕሮግራም ኃላፊው የቁፋሮውን ገንዘብ በአጎራባች ወረዳ ወዳለው የነባር ጉድጓድ ጥገና ያዞራል» እንደማለት ነው። አጎራባቹ ወረዳም አስቀድሞ ተነጋግሮ መስማማት አለበት፤ ዘሩን በጎተራ ማስቀመጥ ማለት ይህ ነው።

ስለ ምንዛሪ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙዎቻችሁን የጎዳው እርሱ ስለሆነ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲፈቅድ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። ስምምነቱን በብር የፈረመ ድርጅት ፓምፑንና ቧንቧውን መግዛት አቃተው፤ አቅራቢዎች በሰጡት ዋጋ የሚጸኑበትን ጊዜ ወደ ጥቂት ቀናት ስላወረዱት የጨረታ ሂደቱ ሳያልቅ ዋጋው ያልፍበታል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙም የማይነገረው በዶላር ወይም በዩሮ የፈረመው ድርጅት ችግር ነው። የብር ሒሳቡ በድንገት አበጠ፤ ትርፉን ለምን እንደሚያውል የሚናገር ዕቅድ ስላልነበረው የፕሮጀክቱ ዘመን ሲያልቅ ያልተሠራበትን መመለስ ግድ ሆነ። ስለዚህ ለጉድለት ብቻ ሳይሆን ለትርፍም ቅደም ተከተል ያስቀምጡ፤ ገንዘብ ቢተርፍ መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራዎች ዝርዝር ከነጥናታቸው በእጅ ይኑር። ዕቅዱንም በብር ብቻ ሳይሆን በዕቃ ይጻፉት፤ ስንት ሜትር ቧንቧ፣ ስንት ኩንታል ሲሚንቶ። ዋጋው ሲለዋወጥ የሚቀረው መለኪያ ዕቃው ነው።

መለዋወጥ ፈቃድም ይጠይቃል፤ ፈቃዱ የሚገኘው ደግሞ ከመፈረም በፊት ነው። ከለጋሹ ጋር ስትደራደሩ ያለ ቅድመ ስምምነት ከአንድ የበጀት መስመር ወደ ሌላው ምን ያህል ማዛወር እንደምትችሉ፣ ድርቅ ወይም ጎርፍ ቢመጣ ከልማቱ በጀት ወደ አስቸኳይ ምላሽ የሚዞርበትን አንቀጽ ጠይቁ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በአርብቶ አደር አካባቢዎቻችን ይሠሩ የነበሩ ፕሮጀክቶች ከረጅም ጊዜ በፊት የለመዱት ነው። መንግሥትም በሴፍቲኔት ፕሮግራሙ በወረዳና በክልል ደረጃ የመጠባበቂያ በጀት ሲይዝ የኖረው በዚሁ ምክንያት ነው። ብዙዎች የሚረሱት ግን ለጋሹ ቢፈቅድም የክልሉ ገንዘብ ቢሮና ሴክተር መሥሪያ ቤቱ የፈረሙት የፕሮጀክት ስምምነት መኖሩን ነው። ማሻሻያ ለማስፈረም ደብዳቤው ከቢሮ ቢሮ ሲዞር ክረምቱ ያልፋል። አማራጩ ሥራና አማራጩ ወረዳ ከመጀመሪያው በሰነዱ ውስጥ ከተጠቀሱ ግን ማሻሻያ ሳይሆን ማሳወቂያ ብቻ ይበቃል። በተግባር ያየሁት ትልቁ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ለጋሹ ድንገት ሲወጣስ? ጥር 12 ቀን 2017 የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ዕርዳታውን ለ90 ቀናት ሲያግድ የሥራ አቁሙ ደብዳቤዎች በቀናት ውስጥ ደረሱ። ያን ሰሞን የተሻለ የቆሙት ትልልቆቹ አልነበሩም፤ ሥራቸውን አስቀድመው በቅደም ተከተል የደረደሩት ነበሩ። ለአንድ ሳምንት እንኳ ሊቋረጥ የማይገባው የትኛው ነው? ሩብ ዓመት ቢዘገይ ማንንም የማይጎዳውስ? ቢቀር የሚቀረውስ? ይህን በሰላሙ ጊዜ መነጋገር ይቀላል፤ በችግር ቀን ሁሉም ክፍል የራሱን ሥራ «የማይቋረጥ» ይላል።

እዚህ ላይ ፋይናንሶች ብቻ የሚያስቧቸው ሁለት ነገሮች አሉ። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የአስተዳደር ወጪ ከገቢው 20 በመቶ እንዳይበልጥ ተገድቧል። ገቢው በድንገት ሲቀንስ የቢሮ ኪራዩና የጥበቃው ደመወዝ አብረው አይቀንሱም፤ አንዲት ብር ሳያባክኑ ጣሪያውን ማለፍ ይቻላል። ስለዚህ የኪራይ ውልን ከአንዱ ለጋሽ ዕድሜ በላይ አለማስረዘም ይበጃል። ሁለተኛው በቅነሳ የሚሰናበት ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያና የስንብት ክፍያ ይገባዋል። መጠባበቂያ ምን ያህል ይሁን ለሚለው ጥያቄ የእኔ መነሻ ይኸው ነው፤ ማንንም ሳይበድሉ መዝጋት የሚያስችል ገንዘብ።

በጦርነቱ ጊዜ፣ ከጥቅምት 2013 መጨረሻ ጀምሮ፣ በትግራይ ስልክና ባንክ መቋረጡን ሁላችንም እናስታውሳለን። ያኔ የመስክ ቢሮ ከዋናው ቢሮ መመሪያ ሊጠብቅ አይችልም ነበር። ስለዚህ ግንኙነት ሲቋረጥ የመስክ አስተባባሪው እስከ ምን ያህል ገንዘብ፣ ለምን ሥራ፣ ከእነማን ጋር ፈርሞ ማውጣት እንደሚችል የሚገልጽ የውክልና ደብዳቤ አሁኑኑ በመስክ ቢሮው ፋይል ውስጥ ይግባ። ኦዲተርም ከኋላ ተመልሶ ሲጠይቅ መልሱ እርሱ ነው።

የሩብ ዓመት ግምገማውን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ ልበል፤ ሹፌሮችንና የመጋዘን ሠራተኞችንም በስብሰባው ላይ አስቀምጧቸው። መንገዱ ሊዘጋ መሆኑን፣ ገበያው ላይ ሲሚንቶ መጥፋቱን ከሪፖርት ቀድመው የሚያውቁት እነርሱ ናቸው። ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ሆቴልም አያስፈልግም።

መለዋወጥ የማይገባውንም ለይታችሁ ጻፉ። የግዢ ሥርዓት በ«አስቸኳይ» ስም ሲፈታ መጨረሻው አያምርም። ለኅብረተሰቡ የተገባ ቃልም እንደዚሁ ነው። ጉድጓድ ይቆፈርላችኋል የተባለ ቀበሌ ውሳኔው ሲቀየር ከወረዳው ወሬ ሳይሆን ከእናንተ አፍ፣ ከነምክንያቱ ይስማ፤ አለበለዚያ ቀጣዩን ስብሰባ የሚመጣላችሁ የለም።

ቦርዱን ስለማሳመን፣ ስለ «አለመተማመን» ንግግር አያድርጉላቸው። ሁለት ወረቀት ብቻ ያቅርቡ። በመጀመሪያው ላይ በሦስት ዓመት የማይለወጡት ይስፈሩ፤ በሁለተኛው ላይ ምልክቶቹ፣ ወሰኖቹና ወሳኞቹ። ከዚያም በሁለተኛው ወረቀት ላይ ያሉት ውሳኔዎች ቦርዱን ሳይጠብቁ እንዲፈጸሙና በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት እንዲደረግላቸው በቃለ ጉባኤ እንዲያጸድቁ ይጠይቁ። የቦርድ አባላት ብዙውን ጊዜ የሚፈሩት ለውጡን ሳይሆን ለውጡ እነርሱ ሳያውቁት መደረጉን ነው። ካልፈረሙ ደግሞ ቢያንስ የትኛውን ወሰን እንዳልወደዱት ይነግሩዎታል፤ በዚያ ላይ መከራከር ይቻላል።