የሲኤንሲው ብናኝ ሳሎን እንዳይገባ

ሰላም ወንድሜ። አዘዞ ቤትህ ያቆምከው ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚታዘዘው እንጨት መቅረጫ ማሽን) ብናኙ ሳሎን ድረስ እየገባ፣ ቫኪዩሙም ቶሎ ቶሎ መሳብ እያቆመ አስቸግሮሃል። «ትልቅ ቫኪዩም ልግዛ ወይ?» ላልከው፣ ለጊዜው ብርህን ያዝ። አቅም አንሶት ሳይሆን ፊልተሩ ታፍኖበት ነው የሚመስለኝ።

በማሽኑና በቫኪዩሙ መሀል ሳይክሎን አስገባ። ጠንካራ ባልዲ ክዳን ላይ የሚገጠም ሾጣጣ ዕቃ ነው። አየሩ ውስጡ ሲሽከረከር አብዛኛው ሰጋቱራ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል፤ ፊልተሩ ጋ የሚደርሰው ጥቂት ነው። ክዳኑ ትንሽ እንኳ አየር ካስገባ ግን የወደቀው ተመልሶ ይነሳል። ዙሪያውን በጎማ በደንብ አሽገው።

ከዚያ ቢቱን (የሚሽከረከረውን መቁረጫ) የሚከብ ባለ ብሩሽ ሽፋን ግጠም። ብሩሹ እንጨቱን ነካ ያድርግ። ቱቦው አጭር ይሁን፣ ሲታጠፍም ሰፋ ብሎ።

ቢቱ በፍጥነት እየዞረ በጣም ዝግ ብሎ ከተጓዘ እንጨቱን ዱቄት ያደርገዋል። ጉዞውን ትንሽ አፍጥነው፤ ዋንዛ ላይ ልዩነቱን ወዲያው ታየዋለህ። ኤምዲኤፍ (ከደቀቀ እንጨትና ሙጫ ተጨምቆ የሚሠራው ጣውላ) ግን ምንም ብታደርገው ይደቃል። ለእሱ ሄፓ ፊልተር፣ ማለትም በጣም ደቃቁን ብናኝ የሚይዝ ፊልተር ያስፈልግሃል።

ጤናህን ደግሞ አደራ። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን ካንሰር አምጪ ብሎ መድቦታል። ልጆች ቤት ካሉ በሩን ዝጋ። ማሽኑ እንደቆመ ጭምብልህን አታውልቅ፤ ደቃቁ ብናኝ አየር ላይ ይቆያል። ወለሉንም በመጥረጊያ ሳይሆን በቫኪዩሙ አጽዳው።