ሐዲድ ላይ ልትሠሩ ላሰባችሁ፦ ጥያቄና መልስ

የአዋሽ–ኮምቦልቻ–ሐራ ገበያ መስመር በሸዋ ሮቢት በኩል ስለሚያልፍ፣ ስለ ሐዲድ ሥራ ሥልጠና የሚጠይቁኝ የሰሜን ሸዋ ልጆች በዝተዋል። ለሁላችሁም በአንድ ላይ ልመልስ።

ጋሼ፣ ሥልጠናው ላይ ከባዱ ምንድን ነው? (ከሸዋ ሮቢት)

ሒሳቡ። በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ባቡር በሰከንድ 33 ሜትር ይጨርሳል። የአሜሪካ ደንብ፣ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 15 ሰከንድ ቀድማችሁ ከሐዲዱ ወጥታችሁ ቁሙ ይላል። ክሪኩንና ድጅኖውን አንስቶ ለመውጣት 10 ሰከንድ ከፈጀባችሁ ድምሩ 25 ነው፤ በ33 ሲባዛ ከ800 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ጠባቂው፣ ማለትም ባቡር ሲመጣ አይቶ በፊሽካ የሚያስጠነቅቃችሁ ሰው፣ ቢያንስ ከዚያ ርቀት ማየት አለበት። ኩርባው 300 ሜትር ብቻ ካሳየው፣ ፊሽካ ይዞ መቆሙ ዋጋ የለውም፤ መስመሩ ይዘጋ።

ጠባቂውስ እግረ መንገዱን አካፋ ቢያነሳ?

አይቻልም። ስልክም አይነካም። አንድ ጊዜ ጠባቂያችን ለውለታ ብሎ ድንጋይ ሲያግዘን ባቡሩን ቀድሜ ያየሁት እኔ ነበርኩ። እስካሁን ጉልበቴ ይርዳል።

ከሐዲዱ በላይ ያለውን የኤሌክትሪክ ሽቦ ካልነካሁት ምን ያደርገኛል? (ከአጣዬ)

25 ሺህ ቮልት መነካት አይጠብቅም፤ ከቀረብከው ዘሎ ይይዝሃል። በእንግሊዝ ደንብ ተራ ሠራተኛም ሆነ የያዘው ዕቃ ከ2.75 ሜትር በታች አይጠጋም። ረጅም ብረት አቁማችሁ አትሸከሙ፤ አጋድማችሁ፣ ለሁለት።

ቀይ ሰደርያ አለኝ፣ ይሆናል?

አይሆንም፤ ቀይ የ"ቁም" ምልክት ነው። እንግሊዞች ብርቱካንማ ይለብሳሉ።

በቀትር የሐዲዱን ጠጠር መቆፈር ለምን ይከለከላል?

የሸዋ ሮቢትን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። የአንድ ኪሎ ሜትር ሐዲድ ሙቀቱ በ40 ዲግሪ ሲጨምር፣ የሚይዘው ባይኖር ወደ 46 ሴንቲ ሜትር ይረዝም ነበር። አንቆ የያዘው ጠጠሩ ነው። ጠጠሩን ስታነሱለት ሐዲዱ ወደ ጎን እንደ እባብ ይጣመማል።

ሰርተፍኬቱ ዕድሜ ልክ ነው?

የለም፤ በአሜሪካ ሥልጠናው በየዓመቱ ይደገማል።

ካቦው "ግባ" ቢለኝና ብፈራስ?

ጠይቀው፦ ባቡሩን ማን ይጠብቃል? በየት በኩል ይመጣል? የምንወጣው ወዴት ነው? ካልመለሰልህ ዳር ላይ ቆመህ ጠብቅ። በአሜሪካ ደንብ ይህ መብትህ ነው። እኛ አገር ካቦው ያኮርፍ ይሆናል፤ ያኩርፍ።